ድልድዩ፣ ሣጥኑና የወይዘሮ ስንዱ ቅናት

ጆሮ ያላችሁ ጆሮ፣ ቦታ ያላችሁ ቦታ አበድሩኝ፤ አንድ ወሬ አለኝ።

ጭርቋ የምትባል ወንዝ አለች። ከወንዟ ወዲህ ሁለት ቀበሌዎች አሉ። የላይኛው ላይ አምባ፣ የታችኛው ታች አምባ ይባላል። ትምህርት ቤቱ ያለው ከወንዟ ማዶ ነው። በበጋ ጭርቋ ጉልበት አትደርስም፤ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገሯታል። ሰኔ ሲገባ ግን ሌላ ወንዝ ትሆናለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትወስዳለች። አምና የታች አምባን የእንጨት ድልድይ ወሰደችው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በሰኔ ነው። ሁለት የታች አምባ ልጃገረዶች እርሳሳቸውን ይዘው ወንዝ ዳር እንደቆሙ የፈተናው ደወል ማዶ ሲደወል ሰሙ። ፈተናውም አመለጣቸው።

የታች አምባ ሰዎች ተሰብስበው የምክር ቤት ተወካያቸውን ወይዘሮ ስንዱን እንዲህ አሏቸው፦

«ድንጋዩን እኛ እንሰበስባለን። አሸዋውን እኛ እንዝቃለን። ጉልበቱም የእኛ ነው። አንቺ ብረትና ሲሚንቶ ብቻ ከመንግሥት አምጪልን።»

ይኸው ነበር የፈለጉት፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ድንጋዩንም ወዲያው ወንዝ ዳር ቆለሉት።

ወይዘሮ ስንዱን ግን ሌላም ነገር ያንገበግባቸው ነበር። የላይ አምባ ተወካይ አቶ ድንበሩ ዘንድሮ ለቀበሌያቸው ድልድይ አሠርተዋል። የብረት ድልድይ ነው። መደገፊያው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ወይዘሮ ስንዱ ያንን አረንጓዴ ከሩቅ ሲያዩት ጥርሳቸውን ያማቸዋል።

«አረንጓዴ!» ይላሉ። «ሣር ነው እንዴ?»

አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም። ማዶ ጉዳይ ሲኖራቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በውኃው ውስጥ ይሻገራሉ። የታች አምባ ልጆችም ቢሆኑ በክረምት በዚያ ድልድይ መሄድ አይችሉም፤ በሁለቱ ቀበሌዎች መካከል ያለው የገደል መንገድ ዝናብ ሲመጣ ይናዳል። ገበያ ሲወጡ ደግሞ የላይ አምባ ሴቶች አይለቋቸውም።

«እትዬ ስንዱ፣ የእናንተ ድልድይ የትኛው ቦርሳዎ ውስጥ ነው?»

ወይዘሮ ስንዱ ሽንኩርታቸውን ሳይገዙ ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ክልሉ ከተማ ሄዱ። የዓመቱ በጀት ገና በሐምሌ ተከፋፍሎ አልቋል። የቀረው መጠባበቂያው ብቻ ነው። መጠባበቂያ ማለት ላልታሰበ ነገር ተብሎ የሚቀመጥ የክልሉ ገንዘብ ነው። በዚህ ወሬ ውስጥ በትልቅ የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑም ይናገራል።

«ሣጥን፣ ተከፈትልኝ» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

«ለምን፣ እሜቴ?»

«ጭርቋ ሞልታ ድልድያችንን ወሰደችው።»

«ጭርቋ በየዓመቱ ትሞላለች። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ድንገተኛ ይባላል?»

«ቀልድህን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው? ድርቅ ቢመጣስ? አንበጣ ቢመጣስ? ያን ጊዜ ባዶ ሆኜ ብገኝ የሚሰደበው ማነው? ደግሞስ እርስዎ ራስዎ በሐምሌ ‹መጠባበቂያው አይነካ› ሲባል እጅዎን አላወጡም?»

አውጥተዋል። «ያን ጊዜ አረንጓዴውን ድልድይ አላየሁማ» አሉ በሆዳቸው።

ሣጥኑ ተነፈሰ። «የደመወዝ ሣጥን በየወሩ ይከፈታል። ሁሉም ፈገግ ይልለታል። እኔን የሚያስታውሰኝ የተቸገረ ብቻ ነው። ለማንኛውም ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም።»

ወይዘሮ ስንዱ ወደ ቁልፍ ሄዱ። ቁልፍ በገንዘብ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቁልፍ፣ ዙርልኝ። ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

«እኔ?» አለ ቁልፍ፤ እየተወዛወዘ። «ሁልጊዜ እኔ! ማኅተምን አይተውታል? ቀለም በጠጣ ትራስ ላይ ይተኛል። እኔ አንገቴን ሚስማር ላይ ሰቅዬ አድራለሁ። ጥፋት ሲገኝ ግን ‹ማን ከፈተው?› ተብሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማኅተም ካልመታ አልዞርም።»

ወይዘሮ ስንዱ ወደ ማኅተም ሄዱ። ማኅተም እውነትም ትራሱ ላይ ተኝቷል።

«ማኅተም፣ ምታልኝ። ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

ማኅተም አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እሜቴ፣ እኔ ክብ ነኝ፤ ከወደቅሁ ተንከባልዬ የት እንደምደርስ አይታወቅም። እስኪ የምክር ቤቱን እጆች ይጠይቁ። እነሱ ሲወጡ ቴሌቪዥን ያነሣቸዋል፤ ሰው ያጨበጭብላቸዋል። እኔን ማን አንሥቶኝ ያውቃል? እነሱ ካልተነሡ አልመታም።»

ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሄዱ። የሻይ ሰዓት ነበር። አንዳንዱ እጅ ብርጭቆ ይዟል፤ አንዳንዱ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንዱ ጆሮ ያካል።

«እጆች፣ ተነሡልኝ። ማኅተም አልመታ አለ፤ ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

እጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ለእኔ ወረዳ ማን ተነሣ?» አለ ብርጭቆ የያዘው።

«ለእኔስ?» አለ ኪስ ውስጥ ያለው፤ ሳይወጣ።

ጆሮ የሚያከው ከሁሉም ይሻል ነበር። «ክብርት ስንዱ» አለ፣ «እኛ አገርዎን አናውቀውም። ድልድዩ ማስፈለጉን የሚያውቀው ጎረቤትዎ ነው። የአቶ ድንበሩ እጅ ከተነሣ እኛም እንነሣለን። የእሳቸው ካልተነሣ ግን አንነሣም።»

ወይዘሮ ስንዱ ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከሰው ሁሉ መርጠው ድንበሩን ሊለምኑ? ጥርሳቸውን አመማቸው።

የበሩ ዘበኛ አያቸው። «እትዬ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«መጠባበቂያን።»

«እሱንማ እኔም እጠብቀዋለሁ» አለ ዘበኛው። «ሥራዬ ነው።»

ወይዘሮ ስንዱ ሳይወዱ ሳቁ። ለካ መጠባበቂያ ያሉት ይኼንን ኖሯል! ሣጥን ቁልፍን ይጠብቃል፣ ቁልፍ ማኅተምን ይጠብቃል፣ ማኅተም እጆችን ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ምክር ቤት ተቀምጠው ቃሉ ቁጠባ ማለት ይመስላቸው ነበር። ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

አቶ ድንበሩ ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ብስኩት ሻይ ውስጥ ይነክራሉ።

«አቶ ድንበሩ» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «እጅዎን ያንሡልኝ። እጆች አንነሣ አሉ፤ ማኅተም አልመታ አለ፤ ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

የአቶ ድንበሩ ብስኩት ሻዩ ውስጥ ወደቀ። «እኔስ ባነሣ ደስ ባለኝ» አሉ። «ግን የሕዝብ ተወካይ ነኝ። ከሕዝቤ ጋር ያጣሉኛል? የላይ አምባ ሰው እሺ ካላለ እጄን አላነሣም።»

«ድልድይ አላችሁ! ምን ጎደላችሁ?»

«ሄደው ይጠይቋቸዋ።»

ወይዘሮ ስንዱ በአውቶቡስ ተመልሰው ላይ አምባ ደረሱ። ሴቶቹ አንድ ግቢ ውስጥ ጌሾ ይወቅጣሉ። የአቶ ድንበሩ ልጅ እሑድ ልታገባ ነው። ከሁሉም ምላሳቸው የሚፈጥነው እትዬ ማንጠግቦሽ ገና ሲያዩዋቸው፣ «ኧረ ተወካይቱ መጡ! ቦርሳውን ፈትሹት!» አሉ።

ወይዘሮ ስንዱ ስድቡን ዋጡት። «የላይ አምባ ሰዎች፣ እሺ በሉልኝ። ድንበሩ እጃቸውን አላነሣ አሉ፤ እጆች አንነሣ አሉ፤ ማኅተም አልመታ አለ፤ ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

ሙቀጫው ቆመ። እትዬ ማንጠግቦሽም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እናንተ ምን ቸግሯችሁ? የታች አምባ ሰው ሲሞትበት ድንኳን አለው። ሲድር ድንኳን አለው። ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም የዕድራችሁ ነው። እኛ ለቅሶ የምንቀመጠው ፀሐይ ላይ ነው። ይቺ ሙሽራም እሑድ ፀሐይ ላይ ልትቀመጥ ነው፤ ፊቷ ሲጠቁር እናንተ ከታች ሆናችሁ ትስቃላችሁ። ደግሞ ድልድይም? ሁሉም ለታች አምባ? ያ ድንኳን እዚህ ካልተዘረጋ እሺ አንልም!»

ወይዘሮ ስንዱ የሚቀኑባቸው የላይ አምባ ሰዎች መልሰው በእሳቸው ይቀናሉ ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ትንሽ ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ጥሩ ደስታ አልነበረም።

ታች አምባ ወረዱ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይትባረክ የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱላቸው። ድንኳን ተጠቅልሎ፣ ገመዱን ታጥቆ ጥግ ላይ ተኝቷል።

«ድንኳን፣ ላይ አምባ ሄደህ ተዘርጋልኝ። የላይ አምባ ሰው እሺ አልል አለ፤ ድንበሩ እጃቸውን አላነሣ አሉ፤ እጆች አንነሣ አሉ፤ ማኅተም አልመታ አለ፤ ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው።»

«ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለ ድንኳን።

«ሰርግ ነው። የድንበሩ ልጅ ናት።»

«ለለቅሶ ያዘነ ይጠራኛል። ለሰርግ ደስ ያለው ይጠራኛል። እርስዎ ደስ ብሎዎታል?»

ወይዘሮ ስንዱ ጋሽ ይትባረክን አዩአቸው። ጋሽ ይትባረክ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «የዕድራችን ደንብ እንደዚያ ነው፣ ስንዱ» አሉ። «ለጎረቤት ሰርግ ድንኳን የሚያስወጣ አባል ‹በደስታው ደስ ብሎኛል› ብሎ ይጠይቃል። በይዋ፣ ቀላል ነው።»

«በአቶ ድንበሩ ደስታ ደስ…» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። ሳል ያዛቸው። «ደስ… ደስ ይበለው!»

«እሱማ ደስ ብሎታል» አለ ድንኳን። «የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

«ደስ ብሎኛል!» አሉ በጥርሳቸው መሐል።

ድንኳን ገመዱን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ታጠቀ። «ቅናት ይሸተኛል። ያንን ከልብዎ ካላስወጡ አልዘረጋም።»

ወይዘሮ ስንዱ ወንዝ ዳር ሄደው የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጡ። ሰማዩ ላይ ደመና ጀምሯል። ከታች ሁለቱ ልጃገረዶች፣ አምና ፈተና ያመለጣቸው፣ ሌላ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ጣሉና ተመለሱ። ምንም አልጠየቁም። ቢጠይቁ ይሻል ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ደረታቸውን መቱ። «አንተ ቅናት፣ ልቀቀኝ። ድንኳን አልዘረጋ አለ፤ የላይ አምባ ሰው እሺ አልል አለ፤ ድንበሩ እጃቸውን አላነሣ አሉ፤ እጆች አንነሣ አሉ፤ ማኅተም አልመታ አለ፤ ቁልፍ አልዞር አለ፤ ሣጥን አልከፈት አለ፤ ድልድይም ጠፋ፤ ሰኔ ግን እየመጣ ነው!»

«አልለቅሽም» አለ ቅናት ከውስጥ፤ እሱ ‹እርስዎ› ማለት አያውቅም። «እዚህ ሞቆኛል። ያንን አረንጓዴ ከሩቅ ባየሽ ቁጥር ቁርሴ ነው፣ ምሳዬ ነው።»

«ከቅርብ ባየውስ?»

ቅናት መልስ አልሰጠም። ወይዘሮ ስንዱም ዝም ማለቱን ጠረጠሩት። ተነሡና የገደሉን መንገድ ይዘው ላይ አምባ ድልድይ ድረስ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡት። አልተነቃነቀም። ከእግራቸው በታች ጭርቋ ትጮሃለች፤ እሳቸው ግን እግራቸው ደረቅ ነው። አረንጓዴውን መደገፊያ በእጃቸው ዳሰሱት። ከቅርብ ሲታይ እዚህም እዚያም ተላጥቷል፤ ብረቱ ግን ጠንካራ ነው። አንዲት አሮጊት ፍየላቸውን እየጎተቱ በአጠገባቸው አለፉ። ፍየሏም አልፈራችም።

ድልድዩ መሐል ላይ አንድ ሰው መደገፊያውን ተደግፎ ወደ ታች አምባ ያያል። ለሰርጉ ዕረፍት ወስደው የመጡት አቶ ድንበሩ ናቸው።

«ምን ያያሉ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

አቶ ድንበሩ ደነገጡ። «ድንጋዩን» አሉ። «ማን አሰባሰበው?»

«ሰዉ ነዋ።»

«ሳይታዘዝ? አበል ሳይከፈለው?» አቶ ድንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ይኼን ድልድይ ሳሠራ አንድ ሰው ድንጋይ አላቀበለኝም። ሁሉንም በጀት ሠራው። ቀለሙ ሲላጥ እንኳ ‹መንግሥት ይቀባው› ይሉኛል። የእርስዎ ሰው ግን… በለቅሶው ድንኳን ተሸክሞ ሲሮጥ ከዚህ ሆኜ ሳየው እህል አልበላ ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎት? ያንን ድንኳን ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል።»

«ጥርስዎን?»

«የታችኛውን።»

«እኔን የላይኛው ነው!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ከዚያም ሳቁ። አቶ ድንበሩም ሳቁ። አሮጊቷ ከነፍየላቸው ዞር ብለው፣ «ምን ሆነዋል እነዚህ?» አሉ።

«ጥሩ ድልድይ ነው፣ አቶ ድንበሩ» አሉ ወይዘሮ ስንዱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ቃሉ ሳያስላቸው ወጣ። «ለልጅዎም ደስ ብሎኛል። በእውነት።»

ያን ጊዜ ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሾልኮ ሲወጣ ተሰማቸው። ሁሉም አልወጣም ይሆናል፤ የሚበዛው ግን ወጣ።

ቅናት ለቀቀ፤ ድንኳን ገመዱን ፈታ። ጋሽ ይትባረክና የዕድሩ ጎልማሶች ተሸክመውት ላይ አምባ ወጡ። እሑድ ድንኳን ተዘረጋ፤ ሙሽራይቱም ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ወይዘሮ ስንዱ ከሁሉም ቀድመው እልልታውን ሲያቀልጡት እትዬ ማንጠግቦሽ ጠላ ይዘውላቸው መጡ። «ይጠጡ፣ እህቴ። ድልድዩንም ሥሩት፤ እኛም ድንጋይ እናቀብላችኋለን» አሉ። የላይ አምባ ሰው እሺ አለ።

በማግሥቱ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አፈ ጉባኤው፣ «የታች አምባ ድልድይ ከመጠባበቂያው ይሠራ የምትሉ?» አሉ። ድንበሩ እጃቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ጆሮ የሚያከው እጅ ተነሣ፤ ብርጭቆ የያዘው ተነሣ፤ ኪስ ውስጥ የነበረውም ወጣ።

«ክብርት ስንዱ» አሉ አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ ይቃወማሉ?»

ወይዘሮ ስንዱ ለካ የአቶ ድንበሩን እጅ በመገረም ሲያዩ የራሳቸውን ረስተውታል። ደንግጠው ሁለቱንም አነሡ።

«አንዱ ይበቃል» አሉ አፈ ጉባኤው፤ አዳራሹም ሳቀ።

እጆች ተነሡ፤ ማኅተም ከትራሱ ተነሥቶ መታ፤ ቁልፍ ከሚስማሩ ወርዶ ዞረ፤ ሣጥንም ጓ አለና ተከፈተ። «ለድርቁ የሚሆን ተውልኝ» አለ። ተዉለት። ብረትና ሲሚንቶው በጭነት መኪና መጣ። የታች አምባ ሰው ድንጋዩን ደረደረ፤ የላይ አምባ ሰው ውኃ አቀበለ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሁሉንም ሰደቡ። ሰኔ መጣ። ጭርቋም ሞላች፤ ጮኸች፤ የምትወስደው ግን አላገኘችም። በፈተናው ቀን የታች አምባ ልጆች ጫማቸውን እንዳደረጉ ተሻገሩ። ሁለቱ ልጃገረዶች ከፊት ነበሩ፤ ደወሉ ሲደወል ከክፍሉ ውስጥ ሆነው ሰሙት።

ወይዘሮ ስንዱ አዲሱ ድልድይ መሐል ላይ ቆመው ሲያዩአቸው አቶ ድንበሩ ከኋላ መጡ። ድልድዩን በእርምጃ ለኩት። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ።

«የእናንተው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእኛው ሰፋ አይልም?»

ወይዘሮ ስንዱ አይልም ሊሉ ነበር። ሞከሩም።

«ትንሽ» አሉ። «ትንሽ ሰፋ ይላል።»

አቶ ድንበሩ ጉንጫቸውን ያዙ።

ወሬዬ እዚህ ላይ ወንዝ ተሻገረ፤ እናንተም እግራችሁን አፍታቱ።